ስለ ስድስት ቁጥር አልጋ እና ስለ ክቡርነትዎ እንባ

ለተከበሩ የሱስ ሕክምናና የሕዝብ ግንዛቤ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላለቀሱልን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎስ? በፊልሙ ምረቃ ዕለት ሁለት መሐረብ እያፈራረቁ ሲያብሱት ያየሁት ዓይንዎ እብጠቱ ጎድሎ፣ መድረክ ላይ የከዳዎት ድምፅም ተመልሶልዎት፣ በሰላም ወደ ሥራ ገበታዎ እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎም ደህና ይሁኑልኝ። በተለይ ወንድም ካለዎት፣ እሱ ከሁሉም በላይ ደህና ይሁንልዎት።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መጠለያ ሥር፣ አንዲት ጠረጴዛና አንዲት ኮምፒውተር ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። በእርስዎ ወንበር ላይ ለተፈራረቁት ኃላፊዎች ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌሎች ሰዎች ስም «ክቡርነትዎ» እያልኩ ጽፌያለሁ። «በትሕትና አመለክታለሁ» የሚለውን ዓይኔን ብጨፍንም ጣቶቼ አይስቱትም። በራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቃሌ ከልክ ቢያልፍ የልምድ ማነስ ነው ብለው እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

የምጽፍልዎ ጽሕፈት ቤትዎ ስላሠራውና በአደንዛዥ ዕፅ ስለተያዘ ወጣት ስለሚተርከው ፊልም ነው። ምስጋናዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በቅድሚያ ግን ወንድሜን ላስተዋውቅዎ። ክቡርነትዎ ፊልሙ ላይ አይተውታል፤ ጀርባውን ብቻ ነው እንጂ።

ታናሽ ወንድሜ መስታወት ገጣሚ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ሳይለካ» ይሉታል። የመስኮቱን ክፈፍ አንድ ጊዜ በዓይኑ ገርመም ያደርግና፣ ሜትር ሳያወጣ፣ መቁረጫውን መስታወቱ ላይ ሽው ያደርገዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው መስታወቱ እንደታዘዘ ለሁለት ይከፈላል። ቤቴ መጥቶ የተሰበረ መስኮት ሲገጥምልኝ፣ ማጣበቂያ ስቱኮውን ለቅልቆ ጨርሶ ውጭ እንደቆመ በአዲሱ መስታወት ውስጥ ምላሱን ያወጣብኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ ለእኔ ግን ሁልጊዜ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሠራ መሰላሉ ከዳው። ወገቡ ተጎዳ። ሆስፒታል የታዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን የወገቡን ሕመም አስለቀቀው፣ እሱን ግን አልለቀቀውም። በሐኪም ትእዛዝ የተጀመረው፣ ትእዛዙ ሲያልቅ በሰፈር ቀጠለ፤ የሰፈሩ አልበቃ ሲለው ወደ መርፌ ተሻገረ። ከቤቴ ካውያዬ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሬዲዮዬ፣ ቀጥሎ የክረምት ጫማዬ። አላማውም። በመጨረሻ የገዛ መቁረጫውን ሸጠ። የዚያን ዕለት በሬ ላይ ቆሞ፣ ወደ ውስጥም ሳይዘልቅ፣ «እትዬ፣ አሁን ምንም አልቀረኝም። ውሰጂኝ» አለኝ።

ወሰድኩት። ወደ እርስዎ ነው የወሰድኩት፣ ክቡር ሆይ።

አንደኛ፤ ስለ ወረፋው አመሰግናለሁ። በግቢዎ ምድር ቤት ያለው ማዕከል አሥራ አራት አልጋ እንዳለው፣ ወንድሜም ሠላሳ አንደኛ ተጠባባቂ እንደሆነ በትሕትና ተነገረን። ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት የመዝገብ ክፍሉ መስኮት ጋ ቀርቦ ካልፈረመ ስሙ ይሰረዛል። እኔ እዚያው ፊት ለፊት ስለምውል ልፈርምልህ ስለው እምቢ አለኝ። «ጉዳዩ የኔ ነው፣ እኔው ልቁምበት» አለ። ሰባት ሰኞ ቆመ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ነው የሚመጣው። ስድስተኛው ሰኞ ላይ ዕፁን ለመተው እየታገለ ስለነበር፣ በሩ ሥር ፌስታል ውስጥ አስመልሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ተራው ሲደርስ ፈረመ። ፊርማውን አይቼዋለሁ፤ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከሠላሳ አንድ ወደ አራት ወርዶ ነበር። አንድ ሰው አራተኛ ሲሆን በምን ዓይነት እርምጃ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ክቡርነትዎ ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር።

ሁለተኛ፤ በሚቀጥለው ሰኞ በሩ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ለሕዝብ ማስተማሪያ የሚሆን ፊልም በማዕከሉ ውስጥ ስለሚቀረጽ ታካሚ መቀበል ለስድስት ሳምንት ተቋርጧል። የተመዘገባችሁ ስማችሁ ባለበት ይቆያል። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» ይላል። ፊደሉ ንጹሕ፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተጠበቀ ነበር፤ እንደ ሙያ ባልደረባ አድንቄዋለሁ። ውስጥ የነበሩት አሥራ አራቱም ለየራሳቸው የአሥር ቀን ክኒን በካኪ ፖስታ እየተሰጣቸው ሲሸኙ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አይቻለሁ። አንዱ አዛውንት በግራ እግራቸው ጫማ፣ በቀኝ እግራቸው የማዕከሉን ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ነው የወጡት።

እኔም ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ሦስት ጠዋት በርዎ ላይ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ራስዎ ከፍተው ስላነጋገሩኝ ውለታዎን አልረሳም። «ሰማሁሽ እህቴ» አሉኝ። «ግን አንቺ የምታስቢው ስለ አንድ ሰው ነው። እኔ የማስበው ስለ ሚሊዮኖች ነው። ይህ ፊልም ሚሊዮኖችን ያድናል።» ሚሊዮኖቹ ከኋላዎ ቢሮው ውስጥ ይጠብቁዎት ነበር መሰለኝ፣ በሩን ቶሎ ዘጉት።

ሦስተኛ፤ ወንድሜን ስላስተኙልኝ አመሰግናለሁ።

በሩ ቢዘጋም እሱ ሰኞ መምጣቱን አልተወም። ምን ልታደርግ ነው ስለው፣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ሌላውን ልማድ ከማደርግ ይሻላል» ይለኛል። እንዲህ ባለው ሰኞ ነው ዋናውን ተዋናይ ያገኘው። ተዋናዩ ትሑት ወጣት ነው፤ ለሚናው ሲል ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። የሱሰኛን ሁኔታ ማጥናት እፈልጋለሁ ብሎ ሲጠይቀው፣ ወንድሜ ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አስተማረው። ሱሰኛ ሁልጊዜ አይንቀጠቀጥም፤ ጉልበቱ ብቻ ነው እረፍት የማያውቀው። እጅጌውን እስከ ጣቱ ጫፍ ይጎትታል። ደግሞም ማንም ሳይጠይቀው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ተዋናዩ ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጻፈ። ወንድሜ በሥራው አስተማሪ ሆኖ አያውቅም ነበርና፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ቀና ብሎ ሲያወራ ከሩቅ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

እውነተኛዎቹ ታካሚዎች ስለተሸኙ ለፊልሙ አልጋዎቹን የሚሞሉ አጃቢዎች ተፈለጉ። ተዋናዩም ወንድሜን ይዞት ገባ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገዱን በሩጫ ተሻግሮ፣ «እትዬ! ገባሁ! ስድስት ቁጥር አልጋ!» እያለ መጣ። የባለጉዳይ ማመልከቻ በግማሽ ትቼ ተነሥቼ አቀፍኩት። እልል ልል አፌን ስከፍት ፊቴን አየና ድንግጥ አለ። «ለፊልሙ ነው» አለኝ። «ለሁለት ቀን ነው።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኔን ለማጽናናት መሰለኝ፣ «ግን አንሶላው ንጹሕ ነው» አለ።

የሆነውን የነገረችኝ የዋርዱ ነርስ ናት፤ ለተዋንያኑ መርፌ አያያዝ እንድታሳይ ብቻዋን የቀረችው። መብራቱ በርቶ ካሜራው ሲዞር ወንድሜ ተኝቶ ነበር። ማስመሰል አልነበረም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነው። ዳይሬክተሩም፣ «ይሄኛው አያሳምንም፤ በጣም ረጋ ብሏል። ተመልካች ሱሰኛ ነው ብሎ አያምነውም። ወደ ግድግዳው አዙሩት» አለ። አዞሩት። በሁለተኛው ቀን የዕለቱ ቀረጻ ሲያበቃ ወንድሜ ነርሷን ጠጋ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ዛሬን እዚሁ ብተኛ? ማንንም አልረብሽም» አላት። እሷም እሺ በሉኝ ልትል ወደ ቢሮዎ ወጣች። የመጣው መልስ ግን፣ የነገው ቀረጻ ከዛሬው ጋር እንዲመሳሰል የአንሶላው እጥፋት ፎቶ ስለተነሣ ማንም እንዳይነካው የሚል ነበር። ለሙያ ጥራት ያለዎትን ጥንቃቄ ሳላደንቅ አላልፍም። ወንድሜ የተሰጠውን ሰማያዊ ፒጃማ አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ በሁለት እጁ ለነርሷ አስረከበ። «ደህና ነኝ» አላት፤ አልጠየቀችውም ነበር።

አራተኛ፤ በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአውቶቡስ ተራው ጽዳት ሠራተኛ ወንድሜን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወድቆ አገኘችው። በዚህ ቁጥር ሥር ክቡርነትዎን የማመሰግንበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። የጽዳት ሠራተኛዋን ግን አመሰግናለሁ። ማን እንደሆነ ሳታውቅ ራሱን ከሲሚንቶው ላይ አንሥታ ሻርፕዋን አጣጥፋ አንተርሳዋለች፤ እኔ እስክደርስም ከአጠገቡ አልተነሣችም። እሷ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ሥር አይደለችም።

አምስተኛ፤ ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ከተቀበረ በአራተኛው ወር በወንድሜ ስም የተጻፈ የሚያብረቀርቅ ካርድ መጣ፤ «ለተባባሪ ተዋናያችን» ይላል። የወንበር ቁጥር ሁሉ ነበረው። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ሄድኩ።

ፊልሙ ጥሩ ነው። ይህን ከቅሬታ ጋር ሳልቀላቅል መመስከር አለብኝ። የፊልሙ ልጅ ታሪኩ ገና ከመጀመሩ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ያንን ማስታወቂያ የተለጠፈበትን በር ያንኳኳል፤ በሩም ወዲያው ይከፈታል። ነርስ፣ «እንኳን መጣህልን» ትለዋለች። መስኮት ሥር አልጋ ይሰጠዋል። እህቱ ቀንም ማታም ከአጠገቡ አትጠፋም። ዕፁ ግን ሰውነቱን ጨርሶት ስለነበር፣ በመጨረሻ እጁ በእህቱ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ከቫዮሊን ጋር ይሞታል። አዳራሹ በሙሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ በወንድሜ ቀብር ላይ እንባ ጠብ ያላለልኝ ሰው፣ ለዚያ ተዋናይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያች እህትም ቀናሁ። የሚያዝ እጅ አግኝታለችና ከልቤ ቀናሁባት።

ከሁሉ የባሰብኝ ጉልበቱ ነበር። የወንድሜ ጉልበት በሌላ ሰው ሰውነት ላይ ገብቶ ሲርገበገብ አየሁት። ሳይጠየቅ «ደህና ነኝ» ሲልም ሰማሁት፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ከዚያ እህቲቱ ውኃ ልታመጣ ስትነሣ፣ ከበስተጀርባዋ፣ ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ፣ ወደ ግድግዳው የዞረ ጀርባ ታየ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ትከሻው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ይተነፍሳል። ከመቀመጫዬ ብድግ ስል አጠገቤ የነበሩ ደግ ሴት መሐረባቸውን ሰጥተውኝ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ፊልም እኮ ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ ክቡርነትዎ መድረክ ላይ ወጡ። ሁለቱን መሐረብ እያፈራረቁ ዓይንዎን አበሱ። ከዚያ፣ «ይህ ልጅ በዓይናችን ፊት ሲጠፋ እኛ የት ነበርን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው መልስ የሚፈልግ መስሎኝ እጄን አውጥቼ ነበር። አስተናጋጁ በትሕትና እጄን አስወረደኝ። መልሱ ሳይደርስዎት እንዳይቀር እነሆ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር።

ተዋናዩን ባልጠቅሰው ግፍ ይሆንብኛል። ሕዝቡ ለፎቶ ሲከበው እኔን ከሩቅ ለይቶ፣ ሰው እየገፈተረ መጥቶ፣ «ሳይለካስ? ለምን አልመጣም?» አለኝ። ነገርኩት። በዚያ አዲስ ሙሉ ልብሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ፎቶ አንሺዎቹ ቢጠሩት አልተነሣም። በዚያ ሁሉ እንባ መካከል ስለ ወንድሜ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ ስንወጣ በሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። የወንድ ካፖርት ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቷን ሸፍኖታል፤ ጉልበቷ አያርፍም። ዓይኑ ገና ያልደረቀ አራት መቶ ሰው፣ ውኃ ድንጋይን እንደሚያልፍ፣ ለሁለት ተከፍሎ አልፏት ሄደ። ክቡርነትዎ ግን ቆሙ። ቆመው ለጥበቃው፣ «በክብር አንሷት» አሉ፤ ፎቶ አንሺዎቹ እየደረሱ ነበርና። ሌላው ኃላፊ ቢሆን «በክብር» የምትለዋን ቃል አይጨምርም ነበር።

እኔስ? እኔም አልፌያታለሁ፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ እሻላለሁ አልልም። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄጄ፣ አውቶቡሱ መጥቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከዚያ ነው እግሬ ወደ ኋላ የመለሰኝ። ሁለት ሕንፃ አልፋ፣ ግድግዳ ይዛ ስትሄድ ደረስኩባት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ስሟን ነግራኛለች፤ የእርስዎ መዝገብ ግን ሃምሳ ስምንት ብሎ ያውቃታል። ስድስት ሳምንት የተባለው አምስት ወር ሆኖ ማዕከሉ ሲከፈት እኔው ነኝ ያስመዘገብኳት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ አብሬያት እቆማለሁ። አንዳንድ ሰኞ ትሰድበኛለች፣ አንዳንድ ሰኞ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች። ባለፈው ሰኞ የካፖርቴ ቁልፍ ላልቶ አይታ፣ አጥብቃ ሰፋችልኝ።

ወረፋው የማይንቀሳቀስበትን ምክንያት ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ማዕከሉ የተከፈተው በስምንት አልጋ ነው። ከተሸኙት አሥራ አራት ሰዎች ተፈልገው የተገኙት ሰባቱ ቅድሚያ ተሰጥቷቸው ገቡ፤ የቀሩት ሰባት የት እንደደረሱ የጠየቀ የለም። ስድስቱ አልጋዎች ደግሞ «ፊልሙ የተቀረጸበት ክፍል» ተብለው ለጎብኚ ክፍት ሆነዋል። በየሳምንቱ ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ፊልሙን በአዳራሽ አይተው፣ አልጋዎቹን ተመልክተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ይወጣሉ። ስድስት ቁጥር አልጋ ዙሪያ ገመድ ተወጥሮ «እባክዎ አይንኩ» የሚል ተጽፏል። አንዲት መምህርት ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ መጥታ እንደነገረችኝ፣ አስጎብኚውን «ታዲያ ታካሚዎቹ የት አሉ?» ብላ ብትጠይቀው፣ «ቀረጻው እኮ አልቋል» አላት።

ክቡር ሆይ፣ በተመልካች እንባ አልቀልድም። የእኔም እንባ እዚያው ወለል ላይ ፈስሷል፤ እውነተኛ እንባ ነበር። የፊልሙ ጣጣ መጥፎ መሆኑ አይደለም፣ ጥሩ መሆኑ ነው። አልቅሶ የወጣ ሰው ቀለል ይለዋል፤ የድርሻውን ያደረገ ይመስለዋል፤ ከዚያ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ትርፍ ትሆንበታለች። እርስዎም የተመልካቾቹን እንባ እንደ ውጤት ለበላይ አካል ሪፖርት ማድረግዎን ጋዜጣ ላይ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ጎብኚዎች ወደፊትም ማልቀሳቸውን ሳይከለከሉ፣ ስድስቱ አልጋዎች ግን ለታመመ ሰው ይመለሱ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። አንሶላው መጨማደዱ የማይቀር ነው፤ ስለዚህ ጉዳት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ ለስላሳ ልብና የማያልቅ መሐረብ እየተመኘሁ፣ በርዎ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ከፊት ለፊቱ የምገኝ፣ ትእዛዝዎን በታዛዥነት፣ መልስዎን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣

ማመልከቻ ጸሐፊዋ

ግልባጭ፦
ለፊልሙ ዳይሬክተር
ለአውቶቡስ ተራው የጽዳት ሠራተኛ
ለሃምሳ ስምንት ቁጥር

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ስልኬ ጠራ፤ ከመዝገብ ክፍልዎ ነበር። ሠራተኛው በደስታ ድምፅ፣ «የምሥራች! የወንድምዎ ተራ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ፒጃማና ሳሙና ይዞ ይምጣ» አለኝ። ሰኞ ሰኞ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ስቆም፣ ለወንድሜም የመጣሁ እየመሰለው በስሙ ፊት ምልክት ሲያደርግ ኖሯል። አይቼዋለሁ፤ አላረምኩትም። ወንድሜን ከሚጠበቁ ሰዎች ጋር የሚቆጥረው ወረቀት ያ ብቻ ነበር። መምጣት እንደማይችል ነገርኩትና ተራውን ለሃምሳ ስምንት ቁጥር ይስጡልኝ ብዬ ብለምነው፣ ተራ አይተላለፍም፣ ደንብ ነው አለኝ። ሆኖም የቀረበትን ምክንያት ቅጹ ላይ መሙላት ግዴታ ስለሆነ መንገዱን ተሻግሬ ሞላሁ። ቅጹ ሦስት ምርጫ አለው፦ «አካባቢ ለቋል»፣ «ሐሳቡን ቀይሯል»፣ «ድኗል»። ወንድሜ አካባቢ አልለቀቀም፤ ሐሳቡንም አልቀየረም። ስለዚህ የክቡርነትዎ ዓመታዊ ሪፖርት እንዲያምር «ድኗል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።